ዑድ፣ ሰንደል፣ ጥድ፣ ወይራና ወይባ፦ ሽታ ያለው እንጨት ለምን ያርራል? እንዴትስ ይጠቀሙበታል?

የሻርጃዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የገዛሁት የዑድ ስንጥር ከሰል ላይ ሲደረግ ለአንድ ደቂቃ ያህል ደስ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ያረረ እንጨት ብቻ ነው የሚሸተው። እንጨቱ የተጭበረበረ ነው ወይስ አጠቃቀሙ ነው የተበላሸው? ወደ አገር ቤት ይዞ ለመግባትስ ገደብ አለው? ደግሞ የእኛ ጥድና ወይራ ለሽቶ ይሆናሉ ወይስ ለማጠን ብቻ ናቸው? የምታውቁ ዘርዘር አድርጋችሁ ብትጽፉልኝ።

ቀማሚ፦
እህቴ፣ እንዳልሽው ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሳቱ ነው። እንጨቱ ውስጥ ያለው ሽታ ዘይትና ሙጫ ነው። እሱ ደግሞ በሙቀት ይተናል እንጂ መቃጠል አይፈልግም። የጋለ ከሰል ፊቱ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይደርሳል። ስንጥሩ እዚያ ላይ በቀጥታ ሲያርፍ ሙጫው ተንኖ ሳያልቅ እንጨቱ መክሰል ይጀምራል። ከአንድ ደቂቃ በኋላ የሚመጣብሽ ሽታ የዑዱ ሳይሆን የከሰለው እንጨት ነው።

እንዲህ አድርጊው። ማጨሻው ውስጥ ሁለት ጣት ያህል የተነፋ አመድ ጨምሪ። ከሰሉን ውጭ አቀጣጥለሽ ዙሪያውን ነጭ አመድ እስኪለብስ ጠብቂ። ክብ ሆኖ የሚሸጠው ቶሎ የሚቀጣጠል ከሰል ፖታሲየም ናይትሬት ስላለበት፣ ፍንጣሪውና የባሩድ ሽታው ሳይወጣለት ዑድ ከጫንሽበት ሽታው ተበላሸ ማለት ነው። ፍሙን አመዱ ውስጥ ቅበሪውና ግማሽ ሴንቲ ሜትር የሚሆን አመድ አልብሺው። በላዩ የሚካ ቅጠል (እሳት የማይበላው ስስ የማዕድን ገጽ) አድርጊ፣ ካጣሽ ትንሽ የአሉሚኒየም ፎይል ይበቃል። ከዚያ የሩዝ ፍሬ ሁለት ሦስት እጥፍ የምታክል ስንጥር አኑሪ፣ ከ0.1 እስከ 0.3 ግራም ለአንድ ክፍል ይበቃል። ጭስ ካየሽ ሙቀቱ በዝቷል፤ አመድ ጨምሪበት። ከአምስት ደቂቃ በኋላም ምንም ካልሸተተ አመዱ ወፍሯል። በኤሌክትሪክ ማጨሻ ከሆነ ከ150 እስከ 180 ዲግሪ ላይ ጀምሪ።

በትክክል ሲሞቅ የሚታየውን ልንገርሽ። የስንጥሩ ጥቁር መስመሮች መጀመሪያ ያብረቀርቃሉ፣ ከዚያ ከጎኑ ሙጫው እንደ ማር አረፋ ብቅ ብቅ ይላል። ጭሱ ከታየም እንደ ክር የቀጠነ ነው። ሽታው ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ሊቆይ ይችላል፤ በመሃልም ይለዋወጣል፦ ጣፋጭ ሆኖ ይጀምራል፣ ወደ ቆዳና ወደ ቅመም ይሄዳል፣ መጨረሻ ላይ ይመራል። መምረር ሲጀምር አንሺው።

ዑደኛ፦
ቀማሚ ያለው ልክ ነው፣ ግን ማጭበርበሩንም አንርሳ። ዑድ የሚባለው የአኳላሪያ ዛፍ ነው። ጤነኛው ዛፍ ነጣ ያለ፣ ቀላልና ምንም ሽታ የሌለው እንጨት ነው። ሲቆስልና ሻጋታ ሲገባበት ዛፉ ራሱን ለመከላከል ጥቁር ሙጫ ያመነጫል፤ ገንዘብ የሚያወጣው ያ የታመመው ክፍል ነው። አጭበርባሪው ታዲያ ያልታመመውን እንጨት ዘይትና ቀለም አጠጥቶ ያጠቁረዋል።

ልዩነቱን ለማወቅ ስንጥሩን ለሁለት ስበሪው። የእውነተኛው ሙጫ ተዥጎርጉሮ ነው የሚገኘው፦ አንዱ ጋ ጠቆር፣ አንዱ ጋ ቡናማ፣ በመሃል ነጣ ያለ ጭረት። ከላይ እስከ ታች እንደ ከሰል እኩል የጠቆረ ከሆነ ተጠራጠሪ። ነጭ ጨርቅ አልኮል ነክረሽ ፊቱን ጥረጊው፤ ጥቁር ቀለም ከለቀቀ ተነክሯል። ሳይሞቅ ገና ከሳጥኑ ሲወጣ ክፍሉን የሚሞላ ሽታ ካለውም ሽቶ ፈሶበታል፣ ምክንያቱም ደረቅ ዑድ ሳይሞቅ ሽታው ልከኛ ነው። ውኃ ውስጥ መስጠሙ የሙጫውን ብዛት ያሳያል፣ ግን ብቻውን አትመኚው፤ ክብደት ለመጨመር እርሳስ የሚወትፉበት አለ። የሚንሳፈፍም ሁሉ የውሸት አይደለም፣ ደረጃው ዝቅ ያለ ነው።

ስለ ገደቡ፦ አንዱ የአኳላሪያ ዝርያ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ፣ ሌሎቹም በሙሉ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ሳይቲስ በተባለው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ናቸው። በግል ዕቃነት ያለ ፈቃድ የሚታለፈው በአንድ ሰው እስከ 1 ኪሎ ስንጥር፣ እስከ 24 ሚሊ ሊትር ዘይትና እስከ ሁለት መቁጠሪያ ነው። ከዚያ በላይ የላኪው አገር ፈቃድ ያስፈልጋል። አንዳንድ አገር ከዚህም ያጠብቃል፣ ስለዚህ ከመብረርሽ በፊት የምትወጪበትን አገር ጉምሩክ ጠይቂ። ደረሰኙንም አትጣዪ።

የቂርቆስ ልጅ፦
እኔ ግራ የሚገባኝ ሰንደሉ ነው። ሱቅ የምንገዛው ሰንደልና የህንዱ ሰንደል እንጨት አንድ ናቸው?

ቀማሚ፦
አይደሉም። እኛ ሰንደል የምንለው ቀጭን የሚጤስ እንጨት አብዛኛው የከሰል ዱቄትና የእንጨት ብናኝ በማጣበቂያ ተለውሶ ቀርከሃ ላይ ይደረግና ሰው ሠራሽ ሽቶ ውስጥ ይነከራል። ዋናው የሰንደል እንጨት ሳንታለም አልበም የተባለው ዛፍ ልብ ነው። በደቡብ ህንድ፣ በተለይ በማይሶር አካባቢ ይታወቃል፤ የማይሶር የሰንደል ዘይት ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1916 ጀምሮ ያለ ነው። ዛፉ ሥሩን ከጎረቤት ዕፅዋት ሥር ላይ ተክሎ የሚቀለብ ግማሽ ጥገኛ ነው። ብቻውን ሊያበቅለው የሞከረ ሰው ቀጭጮ የሚቀርበት ለዚህ ነው። የውጪው ነጭ እንጨት አይሸትም። ሽታው ያለው በቢጫማ ቡናማው ልብና በሥሩ ነው፤ ልቡ ደህና ሆኖ እስኪወፍር 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ውድ የሆነውም ስለዚህ ነው።

እንጨቱን ለመለየት በቢላ ፋቅ አድርገህ አሽትተው። ፊቱ ላይ ብቻ ሽቶ የፈሰሰበት ሲፋቅ ባዶ ነው፤ እውነተኛው ሲፋቅ ይብስበታል። ዘይቱን ለመለየት ደግሞ 1 ሚሊ ሊትር ዘይት 5 ሚሊ ሊትር ባለ 70 በመቶ አልኮል ውስጥ በክፍል ሙቀት ጨምረህ ናጠው። ንጹሕ ከሆነ ይሟሟና ጥርት ይላል። የምግብ ዘይት የተቀላቀለበት ይደፈርሳል፣ ቆይቶም ከሥር ወይም ከላይ ይለያል። የወረቀት ሙከራ የሚሉትን፣ ጠብታው ወረቀት ላይ ተንኖ ይጠፋል ወይ ብሎ ማየቱን፣ ግን በሰንደል ላይ አትሞክረው። ዘይቱ ከባድ ስለሆነ ንጹሑም ቢሆን ወረቀት ላይ ቀናት ይቆያል፣ በከንቱ ትጠረጥረዋለህ።

አናጢ፦
ስለ ጥድ እኔ ልጨምር። የሐበሻ ጥድ ለሽቶ ይሆናል ወይ ለተባለው፣ አዎ ይሆናል። ሽታውን የሚሰጠው ቀላ ያለው ልቡ ነው፤ ዳር ያለው ነጩ ዋጋ የለውም። ምስጥ የማይደፍረው፣ ለአጥር ችካል የሚመረጠውም በዚያው ዘይት ምክንያት ነው። ከኬንያ ለዓለም ሲሸጥ የኖረው የሴዳር ዘይት ከዚሁ ዛፍ የሚወጣ ነው።

ዛፍ መቁረጥ አያስፈልግም፣ እባካችሁ። በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ የቀረው ጥድ ስንት ዘመን የቆመ ነው። የእንጨት ሥራ ቤት መጋዝ ስር የሚከማቸው ብናኝ ይበቃል። ብናኙን ስትወስዱ ሙጫ ከነካው ኮምፔንሳቶ ወይም ከኤምዲኤፍ ብናኝ ጋር እንዳልተደባለቀ እዩ። ስትነፉትም አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ የጥድ ብናኝ ሳንባ ያስቆጣል።

የሻርጃዋ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዘይቱን ቤት ውስጥ ማውጣት ይቻላል? አረቄ በሚወጣበት ዕቃ ይሆናል?

አናጢ፦
መንገዱ እንደ አረቄ ነው፣ ዕቃው ግን ሌላ ይሁን። ሽታው ከገባ ከዚያ ማሰሮ አይወጣምና የአረቄውን ዕቃ ታበላሺበታለሽ። 20 ሊትር የሚይዝ ክዳኑ የሚገጥም የማይዝግ ድስት ውሰጂ፣ ከሥሩ 6 ሊትር ውኃ አድርጊ፣ ከውኃው በላይ ቀዳዳ ያለው ብረት አስቀምጪና 2 ኪሎ ብናኝ በስሱ አንጥፊበት። ብናኙ ውኃው ውስጥ ወይም ድስቱ ወለል ላይ ከወረደ ያርርና ዘይቱ ሁሉ ጭስ ጭስ ይላል። በጣም ከጠቀጠቅሽው ደግሞ እንፋሎቱ አንድ ቀዳዳ ከፍቶ በዚያ ብቻ ያልፋል፣ የቀረው ብናኝ ዘይቱን እንደያዘ ይቀራል።

ብዙው ሰው የሚሳሳተው ሰዓቱ ላይ ነው። የእንጨት ዘይት ከባድ ነው፣ እንደ ባሕር ዛፍ ቅጠል በአንድ ሰዓት አያልቅም። ቢያንስ 6 ሰዓት በለዘብተኛ እሳት ይቆይ፤ በየመሃሉ ውኃው እንዳያልቅ እያዩ የፈላ ውኃ መጨመር ነው። ሌላው የጥድ ጠባይ ደግሞ ሴድሮል የሚባል ንጥረ ነገር ስላለው ሲቀዘቅዝ ይረጋል። የማቀዝቀዣውን ቱቦ በረዶ በመሰለ ውኃ ካቀዘቀዛችሁት ውስጡ እንደ ሰም ይጋገርና ይደፈናል፣ እንፋሎቱም መውጫ አጥቶ ክዳኑን ይገፋል። የማቀዝቀዣው ውኃ 40 ዲግሪ ገደማ፣ ለእጅ ሞቅ የሚል ይሁን። ዘይቱ ከውኃው በላይ ይንሳፈፋል፣ በመርፌ ሲሪንጅ ይቀዳል። በቤት ዕቃ ከ2 ኪሎ ጥቂት ግራም ቢገኝ ደግ ነው።

ጠላ ጠማቂ፦
ስለ ወይራ ማንም አልጻፈምና እኔ ልበል። ወይራ ለሽቶ ዘይት አይወጣለትም ማለት ይቻላል። የእሱ ነገር ጭሱ ነው። ከዑዱ በተቃራኒ ወይራን እንዲጤስ ነው የምንፈልገው፣ ነገር ግን በነበልባል አይደለም።

ጋን ለማጠን መጀመሪያ በግራዋ ቅጠል አጥብቆ ማሸት፣ ማለቅለቅና ማድረቅ ነው። እርጥብ ጋን ጭሱን ይዞ ያለቅሳል፣ ጥቁር ጠብታ ወደ ውስጥ ይወርዳል፤ ጠላው የሚመረው በዚያ ነው። ከርሞ የደረቀ የወይራ ፍልጥ ጣት ጣት አሳክሎ ሰንጥቆ አምስት ስድስቱን ፍም ላይ ማድረግ፣ ሲቀጣጠል ነበልባሉን እፍ ብሎ ማጥፋት፣ ከዚያ ጋኑን በላዩ መድፋት። በአንድ በኩል ትንሽ ድንጋይ አስገብታችሁ አየር ካልተዋችሁለት ፍሙ ይጠፋል። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃዋል። የጋኑ ሆድ በጣት ሲነካ ቡናማና ደረቅ ከሆነ ደርሷል። ጣት ላይ ጥቁር የሚያጣብቅ ጥቀርሻ ከመጣ እንጨቱ እርጥብ ነበር፣ ታጥቦ እንደገና ይታጠን። ለወተት ዕቃ ደግሞ ሦስት አራት ደቂቃ ብቻ ነው። ጥንጁትም ለዚሁ ይሆናል፣ ሽታው ግን ይለያል፣ ይልቅ ለስለስ ይላል።

የወሎ ልጅ፦
ከዚህ ሁሉ ወይባ ቀርቷል። እናቶች ከወሊድ በኋላ፣ ሙሽሮችም ከሠርግ በፊት የሚሞቁት የወይባ ጢስ ነው። እንጨቱ በአማርኛ አባሎ የምንለው ዛፍ ነው፤ ቢጫ የተነከረው የመነኮሳት ልብስም ወይባ መባሉን ልብ በሉ። ሱዳኖች ዱኻን የሚሉት ከዚሁ የሚመሳሰል ነው፤ እነሱ በብዛት ጠልሕ የተባለውን ግራር ይጠቀማሉ።

አሠራሩ፦ ጉድጓዱ ከ40 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ጠልቆ አፉ እንደ ምጣድ ሳይሆን እንደ ድስት ጠበብ ይላል። ከሥሩ ፍም ይደረጋል፣ በላዩ እያንዳንዱ ክንድ የማይሞላ ሦስት አራት ፍልጥ የደረቀ ወይባ። ነበልባል ካወጣ አመድ ይነሰነስበታል። አፉ ዙሪያ ጭቃ ይመረጋል ወይም ወንፊት መሰል መቀመጫ ይደረጋል። የምትሞቀው ሴት ቅቤ ወይም ዘይት ተቀብታ ትቀመጥና ከአንገት በታች በወፍራም ብርድ ልብስ ትሸፈናለች። ቢጫማው ቀለም የጭሱ ቅሪት የላይኛው ቆዳ ላይ ሲጣበቅ የሚመጣ ነው፤ ቆዳው ሲታደስ አብሮ ይለቃል። ስለዚህ ሽሩባና ነጭ ልብስ መጠበቅ ነው።

ፋርማሲስት፦
የወሎው ወንድማችን ጥሩ ጽፏል፣ አንድ ነገር ግን በትልቁ መጻፍ አለበት። ከፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት ሲመጣ «ወይባው ሠራ፣ ላብ ወጣ» ብለው ችላ የሚሉ አሉ፤ መመረዝ ነው። ጭንቅላት ሁልጊዜ ከብርድ ልብሱ ውጭ ይሁን። በር ወይም መስኮት ክፍት ይሁን፣ አጠገብ ሌላ ሰው ይኑር፣ 30 ደቂቃ አይለፍ። ሕፃኑ እዚያ ክፍል ውስጥ አይሁን። ነፍሰ ጡር፣ በኦፕሬሽን ወልዳ ቁስሏ ያልደረቀ፣ የደም ግፊት ወይም አስም ያለባት አትሙቀው። ከሙቀቱ ስትነሡ ቀስ ብላችሁ ተነሡ፣ ውኃ ጠጡ።

የቂርቆስ ልጅ፦
የጥድ ዘይት ጠብታ በሻይ አድርጎ መጠጣት ለሆድ ትል ጥሩ ነው ሲባል እሰማለሁ። የአባሎ ልጥም ለወፍ በሽታ ይፈላል ይባላል።

ፋርማሲስት፦
የጥዱን በፍጹም እንዳትሞክረው። ከአንድ ብርጭቆ የጥድ ቅጠል ውኃና ከአንድ ጠብታ የተጣራ ዘይት መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው፤ ዘይት ማለት የብዙ ኪሎ እንጨት ጭማቂ ነው። ኩላሊትንና ጉበትን ይጎዳል። የአባሎ ልጥ ለወፍ በሽታ በባህል ሕክምና እንደሚሰጥ እውነት ነው። ዓይን ቢጫ መሆን ግን ከጉበት ቫይረስ፣ ከሐሞት ድንጋይ ወይም ከሌላ ሊመጣ ስለሚችል ምርመራ ሳይደረግ ልጥ ማፍላት የታመመ ጉበት ላይ ሸክም መጨመር ነው።

የሰንደል ዘይትም በሕክምና ረጅም ታሪክ አለው። ፀረ ተህዋስያን መድኃኒት ከመገኘቱ በፊት የአውሮፓ ሐኪሞች ለጨብጥ በካፕሱል ያዙት ነበር። አሁን ለዚያ የሚያዘው የለም፣ ምክንያቱም የተሻለ ተገኝቷል። ህንዶች እንጨቱን ድንጋይ ላይ በውኃ ፈጭተው ለሙቀት ሽፍታ የሚቀቡት ግን ዛሬም አለ። ለቆዳ ከሆነ መጀመሪያ ክንድ ላይ ትንሽ ቀብቶ 24 ሰዓት መጠበቅ ነው።

ዑድ በቻይና ሕክምና ለሆድ መንፋትና ለማስመለስ ከ1 እስከ 5 ግራም ይታዘዛል። የሚገርመው አፈላሉ ነው። ሌሎቹ ሥሮች ፈልተው ሊያልቁ ሲሉ መጨረሻ ላይ ነው የሚጨመረው። ብዙ ከፈላ የሚፈለገው ዘይት ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል። ቀማሚ ስለ ከሰሉ ከጻፈው ጋር ሐሳቡ አንድ ነው።

አንኮበር፦
ስለ ቀረጥ የሚያውቅ አለ? «የሐበሻ ሰንደል» እያሉ ሥሩን የሚጠይቁ ነጋዴዎች አሉ።

ዑደኛ፦
ቀረጥ የሰንደል ቤተሰብ ነው፣ የምሥራቅ አፍሪካ ሰንደል ይባላል። እሱም ግማሽ ጥገኛ ነው። ዘይቱ በሥሩና በልቡ ስለሆነ ነጋዴው ከነሥሩ ይነቅለዋል፣ የተነቀለ ደግሞ አያቆጠቁጥም። ወንዱና ሴቷ ዛፍ የተለያዩ ስለሆኑ የአንድ ሸለቆ ሴት ዛፎች ካለቁ ዘር የለም። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2007 መቁረጡን ከልክላለች። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ የኢትዮጵያን ጨምሮ የስድስት የአካባቢው አገሮች ቀረጥ ሳይቲስ ሁለተኛ ዝርዝር ገብቷል። ያለ ፈቃድ ድንበር ማሻገር ወንጀል ነው። የሰንደልን ሽታ የሚሰጠው የሳንታሎል መጠኑም ከህንዱ ያንሳል፣ ለሽቶ ብሎ ዛፉን መጨረስ በምንም አይመለስም። አትሽጥላቸው፣ ወንድሜ።

የሻርጃዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ፍሙ አመድ ሲለብስ ዑዱ ሌላ ሆነ፣ እንጨቱ ደህና ነው ማለት ነው። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፦ ያለ አልኮል በእነዚህ የሚሠራ ቀላል ቅመም ካለ?

ቀማሚ፦
ለ10 ሚሊ ሊትር፦ የጆጆባ ዘይት 8 ሚሊ ሊትር፣ የሰንደል ዘይት 1.2፣ የጥድ 0.5፣ የዕጣን ዘይት 0.2፣ የዑድ ዘይት 0.1። የእኛ የሰሜኑ ዕጣን ዘይት ኦክቲል አሴቴት የሚባል ንጥረ ነገር ስለሚበዛበት ትንሽ ብርቱካን ብርቱካን ይላል፤ እንጨቶቹን ያነቃቸዋል። በጠብታ አትለኪ፣ የየዘይቱ ጠብታ መጠን ይለያያል። በመርፌ ሲሪንጅ ወይም 0.01 ግራም በምታሳይ ሚዛን ይሁን። ዑዱን መጨረሻ ላይ ጨምሪ፤ መጀመሪያ ከገባ አፍንጫሽን ይዘጋውና የቀሩትን መመጠን አትችዪም። ጠቆር ያለ ብልቃጥ ውስጥ አድርገሽ ሦስት ሳምንት አስቀምጪው። መጀመሪያ ቀን ዑዱ ከበረት የመጣ የሚመስል ሽታ ቢኖረው አትደንግጪ፣ ይለዝባል።

በአልኮል መሥራት ለሚፈልግ ደግሞ 20 ግራም የተፋቀ የሰንደል ልብ በ100 ሚሊ ሊትር ባለ 96 በመቶ አልኮል ውስጥ አራት ሳምንት፣ በየቀኑ እየናጡ፣ በቡና ማጣሪያ ወረቀት ማጥለል። እንጨቱ ጠጥቶ የሚያስቀረው ስላለ 80 ገደማ ነው የሚገኘው። ለቁስልና ለምድጃ የሚሸጠውን ቀለም ያለው አልኮል አትጠቀሙ፣ ሜታኖል ሊኖርበት ይችላል።

የሻርጃዋ፦
ጥዱ ላይ ጥያቄ አለኝ፦ ብልቃጡ ውስጥ ነጭ መርፌ መርፌ የሚመስል ነገር ቢረጋ ተበላሸ ማለት ነው?

አናጢ፦
አልተበላሸም፣ ያው ሴድሮል ነው። ብልቃጡን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አቁሚው፣ ቀስ ብሎ ይሟሟል። አሟሙተሽ ነቅንቀሽ ቅጂ፤ የረጋውን ትተሽ ፈሳሹን ብቻ ከቀዳሽ የሽታው ግማሽ ታች ቀረ።